ደመና ካማራችሁ ቦንጋ ሂዱ

ስለ ፀሐይ ሲሰበክልን ነው ያደግነው። ልብስ ሲታጠብ ፀሐይ፣ በርበሬ ሲሰጣ ፀሐይ፣ ሕፃን ገላው ሲታጠብ የጠዋት ፀሐይ፣ አገር ለጎብኚ ሲተዋወቅ ደግሞ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ! ይህን የመጨረሻውን መፈክር ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን ካወጡት ወዲህ፣ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ በየፖስተሩና በየፖስት ካርዱ ላይ ሲያበራ ኖሯል። ግሩም መፈክር ነው፤ ቱሪስትም አምጥቷል። ሰውየው አንድ ሐምሌን ቦንጋ ከርመው ቢሆን ምን ብለው ይጽፉ ነበር እያልኩ ግን ብቻዬን እስቃለሁ።

ስለ ደመና የነገረኝ የለም። ማንም! ለእኔ ደመና ማለት ፀሐይ እስክትመለስ የሚታገሡት ነገር ነበር። አሁን ግን ጮክ ብዬ ልናገር፦ በኢትዮጵያ ምድር ለኑሮ የተመቸ አየር ሲባል ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ እያላችሁ የምትከራከሩ ሁሉ ክርክሩን አቁሙና ወደ ካፋ ኑ። የሐዋሳ ሰዎች ቅር እንዳትሰኙብኝ፤ ሐይቃችሁ ሐይቅ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ሰማይ ነው።

የሄድኩት ለሥራ ነበር፤ በዚያው ከረምኩ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የተዘረጋችው በኮረብታ ጀርባ ላይ ስለሆነ ከየትኛውም ሰፈር ቁልቁል ካያችሁ ሸለቆ ነው፣ ሽቅብ ካያችሁ ጫካ፣ በሁለቱ መካከል ደመና። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ነው። ቀን ሙቀቱ ከ20ዎቹ አጋማሽ ብዙም አያልፍም፤ የሌሊቱ ብርድ ደግሞ አንድ ጋቢ ከማስደረብ የዘለለ አቅም የለውም። ዝናቡንማ ተዉት! አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኝና አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም በጥድፊያ ትጨርሰዋለች። ቦንጋ 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳታል፤ ግን አትጣደፍም። በመጋቢት ትጀምራለች፣ ጥቅምት እያለቀ እንኳ ታካፋለች።

እስቲ ቀኑ እንዴት እንደሚውል ልንገራችሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መስኮት ስትከፍቱ ዓለም የለችም። ጎረቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ማዶ የለም፤ የአውራ ዶሮ ጩኸትና ከሩቅ የሚሰማ የቅዳሴ ድምፅ ብቻ አለ። ጉሙ ከሸለቆው ሥር እንደሚገነፍል ወተት ሽቅብ ይወጣና ደጃፋችሁ ላይ ይቆማል። 3 ሰዓት ሲሆን የአንድ ትልቅ ዛፍ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ የአንድ ቤት ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ መብራቱን ያበራ ባጃጅ። 5 ሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል፤ ታጥቦ፣ አረንጓዴው ሁለት እጥፍ ሆኖ። ሰማዩ ግን አይገለጥም፤ ከፍ ይላል እንጂ። 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይዘንባል፤ አንዳንዴ ዶፍ፣ ብዙ ጊዜ እኝኝ ያለ። ማታ ያባራል። ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ላይ እንደገና ይጀምርና፣ ወገኖቼ፣ እንቅልፍ ምን እንደሆነ የማውቀው ያኔ ነው!

ብርሃኑ ነው የገረመኝ። ደመና ማለት ጨለማ የሚመስለን ሰዎች አለን። ቦንጋ ላይ ቀኑ ይነጣል እንጂ አይጨልምም። ጥላ የለም። ዓይን የሚያስጨፍን ነገር የለም፤ ሰው ግንባሩን ሳይቋጥር ያነጋግራችኋል። ቀለም ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ የገበያ ሴቶች ጃንጥላ፣ የቀይ አፈሩ ግድግዳ፣ የእንሰቱ ቅጠል፣ የአንድ ሕፃን ቢጫ ቦቲ። ፎቶ የሚያነሱ ጓደኞቼ ለስላሳ ብርሃን ፍለጋ ከንጋት በፊት ይነሣሉ፤ እዚህ እስከ ቀትር ተኝተው ቢነሱም ያገኙታል።

ኖርዌይ በርገን የሚኖር የልጅነት ጓደኛ አለኝ። በርገን በአውሮፓ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት ከ2,200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ባሕሩ ስለሚያሞቃት ብርዷ ከሰሜንነቷ አንፃር ለዘብ ያለ ነው፤ ሰማይዋ ግን ክፍት የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። ወደ ፋሮ ደሴቶች ብትሻገሩ ደግሞ ቶርስሃቭን የምትባለው ዋና ከተማ በዓመት 840 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ፀሐይ የምታየው፤ ጥር ላይ 3 እና 4 ዲግሪ፣ በበጋቸው እንኳ 11 ዲግሪ ገደማ። በእነዚያ አገሮች ስለ ደመና ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ ግማሹ ረጋ ያለ አየር፣ የማያቃጥል፣ የማያንዘፈዝፍ ብሎ ይምላል፤ ግማሹ ልቤን አጨለመው ይላል። ቦንጋን በስልክ ሳወድስለት ጓደኛዬ በጣም ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እዚህ ከደመና ለማምለጥ ደሞዜን በአውሮፕላን ቲኬት እጨርሳለሁ፣ አንተ ደመና ፍለጋ ካፋ ትወርዳለህ?»

ቆይ አልኩት። የአንተ ጠላት ደመናው አይደለም፣ የቀኑ ማጠር ነው። በርገን ታኅሣሥ ውስጥ የቀን ብርሃኗ ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ ሰው በጨለማ ሥራ ገብቶ በጨለማ ይወጣል። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኗ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በታች አይወርድም። ደመናው ከላይ ሆኖ ያጣራል እንጂ ብርሃኑን አይወስድባችሁም። የሰሜን ሰዎች የሚመኙት ለስላሳ አየር፣ የእኛው ሙሉ ቀን ተጨምሮበት፣ ከብርዱ ተቀንሶ! ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብሎ «ኪራይ ስንት ነው?» አለኝ።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይህን የባሕር ዳርቻ አየር የሚተነፍሱት ባሕር የሌላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። በክረምት ወራት እርጥቡ ነፋስ ከሩቁ ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይነሣና የኮንጎን ደን ተሻግሮ ይመጣል። የደቡብ ምዕራብ ተራሮቻችንን ሲያገኝ ሽቅብ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይደምናል። የህንድ ውቅያኖስም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ጫካው ደግሞ የዘነበለትን ዝም ብሎ አይውጥም፤ በቅጠሉ መልሶ ይተነፍሰዋል። ከዝናብ በኋላ ዛፍ ሥር ብትቆሙ ይህ ይገባችኋል። ሰማዩ ካባራ ቆይቷል፣ ጫካው ግን ገና እየዘነበ ነው፤ ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ቡናው፣ ከቡናው ወደ አንገታችሁ።

ፀሐይ የለችም ማለቴ ግን አይደለም። ትመጣለች፤ ስትመጣ ያለውን ጉድ ማየት ነው! አንድ ቀን ከቀትር በፊት ደመናው ድንገት ተሰነጠቀና የቦንጋ ሰው በሙሉ ከቤት ወጣ። ፍራሽ ወጣ። ጋቢ ወጣ። የተማሪ ዩኒፎርም አጥር ላይ ተሰቀለ፤ ጫማ ምላሱ ተጎትቶ ግድግዳ ተደገፈ፤ በቆሎ ሰሌን ላይ ፈሰሰ፤ በርበሬ፣ የተልባ ስፌት፣ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ሳይቀር ለፀሐይ ተሰጣ። የተከራየሁበት ቤት እማማ ደግሞ ትራሴን ራሳቸው ይዘውት ሲወጡ አየሁ። ፀሐይዋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ከማለቱ ግቢው ውስጥ ያለ ሕፃን አዋቂ ሳይባል ተሯሯጠና ሁሉም በየቤቱ ገባ። አንድም ሰው አላማረረም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ወጥታ ስትገባ ማን ቀና ብሎ አይቷት ያውቃል? እዚህ ስትመጣ እንግዳ ናት፤ ሥራ ተፈትቶ ትስተናገዳለች።

ሁሉም ሰው በደመናው ይስማማል ብዬ አልዋሻችሁም። እማማ ቤት ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ማታ ማታ ቡና ላይ የምንሟገተው ከእሱ ጋር ነው።

«እኔ እዚህ ከመጣሁ ሙሉ በሙሉ የደረቀ ካልሲ አድርጌ አላውቅም» ይላል። «ድሬ ላይ ልብስ አስጥተህ ሻይህን ሳትጨርስ ይደርቃል።»

«ልብሱ ብቻ ነው እንዴ ልጄ የሚደርቀው?» ይላሉ እማማ ከረከቦቱ ኋላ። «ጉሮሮስ? ከብቱስ? ጓሮውስ?»

መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሲኒውን ያነሣል። ባጃጅ የሚነዳው የእማማ የልጅ ልጅ ደግሞ ክርክሩ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም፤ ዝናብ ሲጥል በእግሩ የሚሄድ ስለሌለ ለእሱ ገበያ ነው። ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ የሰማሁት ቡና ከሚያደርቅ ሰው ነው። በመኸር ወቅት ይህ ሰው ሰማይ ቀና ብሎ ሳያይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ቀይ ቡናው በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲለወጥ ማንም ሳይጮህ ቤተሰቡ ተሰልፎ ላስቲኩን በሁለት ጫፍ ይዞ ይሮጣል፤ አልጋው ተሸፍኖ ሲያልቅ ዝናቡ ይደርሳል። ካባራ በኋላ ይገለጣል። እንደገና ይሸፈናል። እንደገና ይገለጣል። ቡናው እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት እንዲህ ነው። ደመና ጠላህ ወይ አልኩት። «ደመናው ባይኖር የምሸፍነው ቡና ከየት ይመጣል?» ብሎ ወደ ላስቲኩ ተመለሰ።

እውነቱን ነው! ቡናን ቡና ያደረገው ይህ ሰማይ ነው። አረቢካ ሙቀት ያለው ግን የማያቃጥል፣ ጥላ ያለው ግን የማይጨልም ቦታ የሚወድ ዛፍ ነው፤ 18፣ 20፣ 22 ዲግሪ ይበቃዋል። በካፋ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ሥር በቅሎ ታገኙታላችሁ። ለዓይን የለመድነው የጓሮ ቡና አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ብርሃን ፍለጋ የተሳበ፣ ግንዱ ላይ የዛፍ ሽበት የበቀለበት። ፍሬው ጥቂት ነው፤ ጥላ ውስጥ ስለሆነ በዝግታ ይበስላል። እዚሁ ካፋ ውስጥ ያሉት የማንኪራ ሰዎች የዓለም ቡና ሁሉ አያት እኛ ጫካ ውስጥ ናት ይላሉ፤ ከጫካው ስትወጡ ለመከራከር የሚያበቃ ወኔ አይኖራችሁም።

አበባውን ያየ ደግሞ ምን ይበል? በበጋው ወራት እንቡጡ ቅርንጫፉ ላይ ተጨብጦ ይተኛል። ድርቁን የሚሰብረው የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ይነቃል፤ ከሳምንት ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ በአንድ ሌሊት በሚባል ፍጥነት፣ ጫካው ሥር ሥሩን ነጭ ይሆናል። እኔ ያገኘኝ በመኪና ላይ ሆኜ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ መጀመሪያ ሽቶ የተቀባ ሰው የተሳፈረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ሾፌሩ ሳቀና ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ያዘ። ወረድን። ንቡ ጆሮ ያደነቁራል! ቅርንጫፉን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ በየአንጓው ነጫጭ አበባ በክምር በክምር ተሰክቷል፣ እያንዳንዷ አምስት ቀጫጭን ቅጠል፣ በላያቸው የዝናቡ ጠብታ ገና አልረገፈም። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ ይረግፋል፣ ዘጠኝ ወር ገደማ ዝናብ ይጠጣል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀልቶ ይለቀማል።

ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ይህን የካፋ ምድር በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ ስፋቱ ከ760,000 ሄክታር በላይ ነው፣ ጫካውም እርሻውም ረግረጉም ሰፈሩም ተጠቃሎ። ጥሩ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የማረከኝ ወጥ ቤታችን ድረስ የሚደርሰው ነገር ነው። ቅቤ የምናነጥርበት ኮረሪማ የዚህ ጥላ ልጅ ነው፤ ቀዩን ፍሬ ከቅጠሉ መካከል ሳይሆን ከእግሩ ሥር፣ ከአፈሩ አጠገብ ነው የሚለቀመው። ጢምዝም በዚሁ ጥላ ሥር ይበቅላል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚወስደውን መንገድ ትንሽ እንደሄዳችሁ ደግሞ ውሽውሽ አለላችሁ፤ አዎ፣ ያ ከሱቅ የምትገዙት ሻይ! ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ተከርክሞ በሻይ ተሸፍኗል። ሻይ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ውርጅብኝ አይፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚያጠጣው ሰማይ ነው የሚፈልገው። ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በጀርባ አዝለው፣ ላስቲክ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ ብቻ እየቀጠፉ ጉሙ ውስጥ ይገባሉ፤ ድምፃቸው ይሰማል፣ እነሱ አይታዩም።

ማሩን እስካሁን ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከእሱ ከጀመርኩ ሌላ አልጽፍም ነበር። ጌተም የሚባል ዛፍ አለ። ዝናቡ ሲገባ ያብባል፣ ንቡም ከእሱ ነጭ ማር ይሠራል። ነጭ ስል ነጣ ያለ ማለቴ አይደለም፤ ቅቤ ነው የሚመስለው፣ በማንኪያ ሲቆረጥ ይቆማል፣ ምላስ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። ቀፎው ረጅም ነው፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ከትልቁ ዛፍ ላይኛ ቅርንጫፍ ላይ የተጋደመ። ባለቤቱ ማታ በገመድ ይወጣና በጭስ እያባበለ ይቆርጣል። ያም ዛፍ የማንም አይደለም ብላችሁ እንዳትዳፈሩ፤ ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፣ የጫካው ክፍል በየቤተሰቡ ተለይቶ ይታወቃል፣ ቀፎ የሚሰቅለው ባለቤቱ ብቻ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ማሩን በቅጠል ላይ አድርጎ ሰጠኝ፤ ስለ ሥርዓቱ የቀረውን አልሰማሁትም።

ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው፤ ዋናውን ግን ልተወው አልችልም። የካፋ መንግሥት ለዘመናት ኩሪፖ በሚባል ጥልቅ ቦይና በኬላ ታጥሮ የኖረ ነው። በእኔ ግምት ከቦዩም ከኬላውም የበለጠ ያጠረው ይህ ጫካና ይህ ጉም ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲዘምት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሳይያዙ የቆዩት እዚሁ ጫካ ውስጥ ነው። ቦንጋ ላይ አንድ ጠዋት ከመስኮቴ ጎረቤቴን ማየት ካቃተኝ በኋላ ይህ አይገርመኝም።

ዝናቡም ካፋ ላይ ወርዶ ካፋ ላይ አይቀርም። ጎጀብ ይሞላል፤ ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጊቤ 3ን ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ የቦንጋን ደመና እየሰካችሁ ሊሆን ይችላል። ቦንጋ ላይ ግን፣ ነገሩ እንዲህ ነውና፣ መብረቅ አንዴ ካጉረመረመ መብራቱ ሊሄድ ይችላል። እማማ ኩራዙን ከመደርደሪያው አያወርዱትም።

ሌላም ችግር አለ፤ አልደብቅም። ቀበቶዬ አረንጓዴ ሆነ። ጨው ውሃ ያወጣል። ጭቃው ቀይና አጣባቂ ነው፣ ነጭ ሱሪ ይዛችሁ ከመጣችሁ ቀይ ሱሪ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ክብሪት ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጆንያ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ እርጥብ ልብስ የሚደርቀው ከእሳቱ በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጭስ ጭስ ይሸታል። እኔ ያ ሽታ ሻንጣዬ ውስጥ እንዲቀር ብዬ ሸሚዜን ሳላጥብ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቼዋለሁ፤ ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ የተለየ አስተያየት አላት።

ማታውን ግን ስሙኝ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው መነጋገር አይችልም፤ ጮክ ብሎ ማውራት ያደክማል፣ ስለዚህ ዝም ይባላል። የሚያፍር የለም፣ ወሬ ለመፍጠር የሚጨነቅ የለም። እማማ ቡናውን ይቆላሉ። ጭሱ በዝናቡ ተገፍቶ ስለማይወጣ ቤቱን ይሞላዋል። ቆጮ ከምጣዱ ትኩሱን ይወርዳል፣ ጎመን ይከተላል፣ ዕድለኛ በሆንን ቀን የቦንጋ በግ ይጨመርበታል፤ በዚህ ሣር ላይ የዋለ በግ ሥጋው ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገኛል። ቡናው ውስጥ ኮረሪማ ጣል ይደረጋል። የመጀመሪያውን ሲኒ ስትጠጡ በአፋችሁ ያለውም፣ በጆሮአችሁ ያለውም፣ በመስኮቱ የሚታየውም አንድ ነገር ነው። የድሬዳዋው መምህር እንኳ በዚያች ሰዓት ስለ ካልሲው አያወራም!

እንግዲህ የምትመጡ ከሆነ፦ አበባውን ለማየት የካቲት መጨረሻና መጋቢት፣ ለቀማውን ለማየት ጥቅምትና ኅዳር፣ የካፋን ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮን ለማክበር መስከረም። ደመናውን ሙሉ በሙሉ የምትፈልጉ እንደ እኔ ያላችሁ ደግሞ ሐምሌን እንዳታሳልፉት። እስከ ጅማ አውሮፕላን አለ፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ አስፋልት ነው፤ በግራ መስኮት ተቀመጡ፣ ሾፌሩን ሙዚቃውን ዝቅ አድርግልን በሉት፣ መስኮቱን ክፈቱ። ጃንጥላ አትሸከሙ፤ ቦንጋ በየሱቁ አለ። ቦቲ ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ቁጥሬን ፈልጌ አጥቼ የእማማን የልጅ ልጅ ቦቲ ነው አድርጌ የከረምኩት፣ እስካሁንም አልመለስኩለትም።